ሁለት ጊዜ የሚመጣው መስከረም 1

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ፕሮግራም የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። ዓመቱ 13 ወር ነው፤ 12ቱ እኩል 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ዘመነ ሉቃስ ካለፈ በኋላ ደግሞ 12 ላይ። ይህችን ይዞ 40 መስመር ኮድ ይጻፋል፣ የዛሬ ቀን ይገባል፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካሌንደር ጋር ይመሳከራል። ገጠመ፤ ላፕቶፑ ይዘጋል።

ለግል ፕሮጀክት መጥፎ መነሻ አይደለም። ብዙዎቻችን ግን እዚሁ ላይ «አለቀ» ብለን ሌላ ፎልደር እንከፍታለን። ፕሮግራሙ ዛሬ ልክ መልስ መስጠቱን እንጂ ነገም ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር በእጃችን የለም። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ አዲስ ነገር አይታይበትም፣ ለጓደኛ የሚያሳዩት ስክሪን አይወጣውም። የኮድ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ነው። የቀን መቀየሪያን ለምሳሌ የመረጥኩት ይህን የመሰለ የተደበቀ ጉድጓድ የሞላበት ትንሽ ፕሮጀክት ስለማላውቅ ነው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ዓድዋ ላይ ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ከላይ የተገለጸው የ40 መስመር ፕሮግራም ግን ማርች 2፣ ሰኞ ይላል። ባግ ነው ተብሎ ኮዱ ቢመረመር ምንም አይገኝም፤ በዓሉ ዛሬ የሚከበረውም ማርች 2 ነው። ጥፋቱ «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» የሚለው መነሻ ላይ ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ከ1900 እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ውስጥ ብቻ ነው። የግሪጎሪያን አቆጣጠር በ100 የሚካፈሉትን ዓመታት፣ በ400 ካልተካፈሉ በስተቀር፣ ፌብሩዋሪ 29 ይነፍጋቸዋል። በ1900 አንድ ቀን ዘለለ፣ በ2100ም ይዘላል። የእኛው ግን ሳያቋርጥ በየ4 ዓመቱ ስድስተኛዋን ጳጉሜን ይሰጣል። ስለዚህ ከ2100 በኋላ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ፣ ከሉቃስ በኋላ ደግሞ 13 ላይ ይሆናል።

መፍትሔው ሁለቱን አቆጣጠሮች በቀጥታ አለማገናኘት ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ተራ የቀን ቁጥር ይቀየራሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበት የጁሊያን ቀን ቁጥር ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ወርና ዓመት አያውቅም፣ ቀን ብቻ ይቆጥራል። ከኢትዮጵያ ቀን ወደ ቁጥሩ የሚወስደው ቀመር አንድ መስመር ነው፦

ቁጥር = 1724220 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × (ወር − 1) + ቀን

በ4 ሲካፈል የሚተርፈው ክፍልፋይ ይጣላል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 2454356 ይሆናል። ያ ቁጥር ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 0 ሰኞ ከሆነ 2 ረቡዕ ነው፣ የሚሌኒየሙ እንቁጣጣሽም ረቡዕ ነበር። በፈረንጁ በኩል ቀመሩን እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። በፓይተን ዴት ቱኦርዲናል (toordinal) የሚባለው ፈንክሽን በሚሰጠው ቁጥር ላይ 1721425 መደመር ይበቃል። በጃቫስክሪፕት ደግሞ ዴት ዩቲሲ (Date.UTC) የሚሰጠውን ሚሊሰከንድ ለ86400000 አካፍሎ 2440588 መደመር። የካቲት 23 ቀን 1888ን አስገቡ፦ 2413620 ይወጣል፤ ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል፣ እሑድ።

ወደ ኋላ መመለሱ ላይ ነው የርዕሱ ጉድ ያለው። ከቀን ቁጥሩ ላይ 1723856 ተቀንሶ ለ1461 ይካፈላል፤ 1461 የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ድምር ነው፣ ሦስት ጊዜ 365 እና አንድ 366። የተረፈው ቁጥር ከ0 እስከ 1460 ነው። ያንን ለ365 ማካፈል ከአራቱ ዓመታት የትኛው እንደሆነ ይነግረናል፣ ከዚያ የሚተርፈው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ያለውን ቀን። ውብ ነው፤ ለ1460 ቀናትም በትክክል ይሠራል። በ1461ኛው ቀን፣ ማለትም ቀሪው 1460 ሲሆን፣ ለ365 ሲካፈል 4 ይሰጣል፣ የሚተርፍም የለም። ፕሮግራሙ የሉቃስን ጳጉሜን 6 «መስከረም 1፣ አዲስ ዓመት» ብሎ ያነበዋል። በማግስቱም መስከረም 1 ይላል። ዓመቱ ሁለት ጊዜ ይገባል ማለት ነው።

ይህ ስህተት ራሱን የሚያሳየው በ4 ዓመት አንድ ቀን ነው። መጨረሻ የታየው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፣ ቀጣዩ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ነው። በመካከሉ ፕሮግራሙን ጽፎ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የተጠቀመበት ሰው አንድም ጊዜ አያገኘውም። ማስተካከያው ቀሪው 1460 ሲሆን ለይቶ መያዝ ነው፦ ዓመቱ ከአራቱ የመጨረሻው፣ ወሩ 13፣ ቀኑ 6።

እንዲህ ያለውን በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የሚያገኘው የደርሶ መልስ ቴስት ነው፦ አንድን የቀን ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ቀን ቀይሮ፣ ያንን መልሶ ወደ ቁጥር ቀይሮ፣ ከመነሻው ጋር ማስተያየት። ከአንድ ቀን ጀምሮ 146097 ቀናትን በተከታታይ ማስኬድ ይገባል፤ ይህ የግሪጎሪያን ሙሉ የ400 ዓመት ዑደት ነው፣ ተራ ላፕቶፕም ወዲያው ይጨርሰዋል። ሁለቱ መስከረም 1ዎች ወደ አንድ ቁጥር ስለሚመለሱ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የደርሶ መልስ ቴስት ሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ቀን የተሳሳተበትን ፕሮግራም ያሳልፋል። ሲሄድ አንድ ቀን የጨመረ፣ ሲመለስ አንድ ቀን ከቀነሰ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ከኮዱ ውጭ የሆኑ ምስክሮች ያስፈልጋሉ፦ ዓድዋ እሑድ መዋሉ፣ የ2000 እንቁጣጣሽ ረቡዕ መዋሉ፣ ገና በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 መከበሩ። የመጨረሻዋ በተለይ ጥሩ ናት። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብሎ በኮድ ላይ የቸነከረ ሰው በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚከበር ይረሳል። ጥምቀት ግን በዚያም ዓመት ከጥር 11 አይነቃነቅም። ብራውዘሮችም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ራሳቸው ያውቃሉ፣ ኢንትል (Intl) በሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ በኩል «ኢትዮፒክ» የሚለውን ካሌንደር መምረጥ ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን እንጽፋለን?» ለሚል፣ መጻፉ ለመማር ነው፤ እሱ ደግሞ ለምስክርነት ይጠራል።

ፕሮግራሙ ከጸሐፊው ላፕቶፕ ሲወጣ ሌላ ዓይነት ጣጣ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ሰዓት አይቀየርም፤ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ 3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ሁለት ቀናትን ቀንሶ ለ24 ሰዓት ማካፈል እዚህ ሁልጊዜ ይሠራል። ሊንኩ ዋሽንግተን ላለችው እህት ሲላክ ነው የሚበላሸው። እዚያ ማርች 10 ቀን 2024 ሰዓት ወደፊት ስለተገፋ ቀኑ 23 ሰዓት ብቻ ነበረው። ከማርች 9 እኩለ ሌሊት እስከ ማርች 11 እኩለ ሌሊት 47 ሰዓት ነው፤ ለ24 ተካፍሎ ክፍልፋዩ ሲጣል 1 ቀን ይሆናል። የባሰው ደግሞ ጃቫስክሪፕት «2024-01-07» የሚል ጽሑፍ ሲሰጠው በዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጎ ማንበቡ ነው። በዋሽንግተን ሰዓት ያ ገና ጃንዋሪ 6 ምሽት ነው፣ እና አፑ የገናን ዋዜማ ገና ነው ይላል። አዲስ አበባ ላይ ያው መስመር ጃንዋሪ 7 ማለዳ ስለሚሆን ማንም አይጠረጥርም። ቀን ብቻ በሚያስፈልግበት ቦታ ሰዓትን ጨርሶ አለማስገባት፣ ዓመት፣ ወርና ቀንን እንደ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች መያዝ፣ ልዩነትንም በቀን ቁጥር መቀነስ ይህን ሁሉ ከሥሩ ይነቅለዋል። ዳታቤዝ ውስጥም እንዲሁ ነው፦ የሚቀመጠው የቀን ቁጥሩ ይሁን። «1/10/2016» ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው ሲደረድረው፣ በጽሑፍ «10» ከ«2» ስለሚቀድም፣ ሰኔ ከጥቅምት በፊት ይመጣበታል።

ቀጥሎ ተጠቃሚ ቀኑን በጽሑፍ ያስገባል፦ «ታህሳስ 28»። ፕሮግራሙ «ታኅሣሥ» ብቻ ነው የሚያውቀው፣ «እንዲህ የሚባል ወር የለም» ይላል። ይቺ ወር ብቻዋን በድምፅ አንድ፣ በፊደል 12 ሆና ልትጻፍ ትችላለች፤ ሁለተኛው ፊደል ሦስት ምርጫ አለው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሁለት ሁለት። ሐምሌ አለች፣ ኅዳር አለች፤ ጳጉሜንማ «ጳጉሜ»ም «ፓጉሜ»ም ተብላ ትመጣለች። ሁሉንም ቅርጽ በዝርዝር መጻፍ የሚጀምር ሰው በሳምንቱ ይታክተዋል። ቀላሉ መንገድ ከማነጻጸር በፊት ፊደሉን ማዋሐድ ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ሰባቱን ዓይነት በተከታታይ ስላስቀመጠ ሠንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም። ሀ በአሥርዮሽ 4608 ላይ፣ ሐ 4624 ላይ ናቸው፤ ከሐ እስከ ሖ ካሉት ሰባቱ ከእያንዳንዳቸው 16 መቀነስ ነው። ለኀ 128፣ ለዐ 48፣ ለፀ 8 ይቀነሳል፤ ለሠ ግን 16 ይደመራል። ሉፑ ከሰባት እንዳያልፍ፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ ያሉት እንደ ሗ ያሉ ፊደሎች አቻቸው እዚያ ቦታ ላይ የለም። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይጠቃለላል፣ ግን በእነዚህ ሁለት ብቻ። ሳን ወደ ሰ የጠቀለለ ሰው ሌላ ቋንቋ ፈጥሯል።

የተዋሐደው ጽሑፍ ለፍለጋ ብቻ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ በተለየ ዓምድ ይቀመጥ እንጂ የሰውን ጽሑፍ አይተካ። ሰው ስሙን በሠ ከጻፈ በሠ ተጽፎ ማየት ይፈልጋል፤ በግእዙም ሠረቀ «ወጣ» ነው፣ ሰረቀ ግን ያው ሌብነት።

የግእዝ ቁጥርን ማንበብ ላይ ደግሞ ፓይተን አንድ ወጥመድ አስቀምጧል። «፩» አሃዝ ነው ወይ ተብሎ በኢዝዲጂት (isdigit) ፈንክሽን ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ቀይር ሲባል ግን ስህተት ብሎ ይቆማል። «፲»ን ሲጠየቅ ከነጭራሹ አሃዝ አይደለም ይላል። ምክንያት አለው፦ የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ በቦታም አይለካም፤ ስለዚህ ዩኒኮድ ከአሥርዮሽ አሃዞች ጋር አልመደበውም። ለራሳችን መጻፍ ግድ ነው። ቁጥሩን ከኋላ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መክፈል ነው፦ 2016 ማለት 20 እና 16፣ ፳ ከዚያ ፻ ከዚያ ፲፮። 100 ሲሆን ፻ ብቻውን ይቆማል፣ ፩፻ አይባልም፤ እዚህ ላይ ብዙ ኮድ ይሳሳታል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ መልስ ያለው ጥያቄ ነበር። «አንድ ወር ጨምር» የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም። ነሐሴ 30 ላይ አንድ ወር ሲጨመር ምን ይሆናል? ጳጉሜን 30 የለም። ወደ መጨረሻዋ ጳጉሜን ይሳብ? ወደ መስከረም 30 ይለፍ? ሒሳቡ ሁለቱንም ይፈቅዳል። መልሱ ያለው አፑ የሚያገለግለው ሰው ዘንድ ነው። ወርኃዊ ደመወዝና የቤት ኪራይ በዓመት 12 ጊዜ ነው፤ ጳጉሜን ብቻዋን ወር ሆና አትከፈልም። ለኪራይ ወይም ለዕቁብ ማስታወሻ የሚሠራ አፕ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ማለት አለበት። የልደት ቀን የሚያስታውስ አፕ ደግሞ ጳጉሜን 6 የተወለደውን ሰው በሦስቱ ዓመታት መቼ እንኳን አደረሰህ እንደሚለው መወሰን ይኖርበታል። ይህን ኮዱ ውስጥ ከሚደብቁት በስም የተጠራ ፈንክሽን አድርጎ፣ ከላዩ ላይ ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይሻላል። ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን የሚከፍተው ሰው፣ ጸሐፊው ራሱ ቢሆንም፣ ውሳኔ መሆኑን ካላወቀ ባግ መስሎት «ያስተካክለዋል»።

ስለ ማደስም አንድ ቃል። የግል ፕሮጀክት ሲሰለች የሚመጣው ፈተና በአዲስ ፍሬምወርክ እንደገና መጻፍ ነው። የሚያስደስት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የደፈንናቸውን ጉድጓዶች ሁሉ መልሶ ይከፍታቸዋልና እንደገና እንወድቅባቸዋለን። የቀን ሒሳቡን ምንም ላይብረሪ በማይነካ አንድ ፋይል መለየት፣ ቴስቶቹን ከእሱ ጋር ማስቀመጥ፣ ስክሪኑን እንደ ልብስ መቀያየር፤ ከዚህ የተሻለ አሠራር ለትንሽ ፕሮጀክት አላየሁም። አንድ ዓመት ያልተነካ ፕሮጀክት ሲከፈት የማይነሣው በአብዛኛው ላይብረሪዎቹ አርጅተው ነው። መደመርና ማካፈል ግን አያረጅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቨርሽን፦ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትና የበዓላት ማስያ። ቀን መቀየሪያው ከሠራ በኋላ ጾምና በዓላትን ማስገባት ተፈጥሯዊ እርምጃ ነው፣ ሕጉም ለኮድ የተሰፋ ይመስላል። 2016ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7516 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዓመት፣ ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 10። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴ 20፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላት አለባቸው፣ ሞልተዋል። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ነው፤ ከ14 ቢበልጥ መስከረም ላይ ይሆን ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 2016 ቅዳሜ ዋለ፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 8 ነው፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ እንዲህ እየቀነሰ የዓርብ 2። 10 እና 8 ሲደመር መባጃ ሐመር 18፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 18። ለፋሲካ 69 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 27 ቀን 2016፣ ማለትም ሜይ 5 ቀን 2024። ልክ ነው።

ወጥመዱ ያለው «አንድ ሲቀነስ» የሚለው ላይ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ያለ ቀሪ ሲካፈል ወንበር 0 − 1 ይሆናል። ሕጉ 18 ይላል፤ ሰነፍ ኮድ −1 ይላል። ጃቫስክሪፕት ከዚህ ተነሥቶ መጥቅዕን −19 ስለሚያደርገው ስህተቱ ዓይን ይወጋል። ፓይተን ግን አሉታዊን ቁጥር ሲገድፍ ወደ አዎንታዊ ያመጣዋል፤ መጥቅዕ 11 ይሆናል። ትክክለኛው 12 ነው። አንድ ቀን ብቻ ስታለች፣ አበቅቴም 19 ሆኖ ድምራቸው ያው 30 ይሞላል። ፋሲካውስ? 2005 ዓ.ም. ቀሪው 0 የሆነበት ዓመት ነው። በትክክል ሲሠራ ጥቅምት 12 ሰኞ፣ ተውሳክ 6፣ ድምር 18። በስህተቱ ጥቅምት 11 እሑድ፣ ተውሳክ 7፣ ድምር 18። ፋሲካ በሁለቱም ሚያዝያ 27። ተውሳክ የተሠራው የትኛውም ዕለት ላይ ቢነሡ ነነዌን ሰኞ ላይ እንዲያሳርፍ ስለሆነ የአንድ ቀን ስህተት ይዋጥበታል። የማይዋጥበት ትክክለኛው ጥቅምት 12 ቅዳሜ ሲውል ብቻ ነው፤ ያኔ የተሳሳተው ዓርብ ላይ ይወድቅና አንድ ሙሉ ሳምንት ይቀድማል።

በ19 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡትን እነዚህን ዓመታት ከ1891 ጀምሮ ብንደረድራቸው፦ 1891፣ 1910፣ 1929፣ 1948፣ 1967፣ 1986፣ 2005፣ 2024። በስምንቱም ጥቅምት 12 ቅዳሜ አይደለም። ስለዚህ ከ1891 እስከ 2042 ያሉትን ፋሲካዎች በሙሉ ከታተመ ካሌንደር ጋር ያስተያየ ሰው አንድም ስህተት አያገኝም። በ2043 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፤ ነነዌ የካቲት 20፣ ፋሲካ ሚያዝያ 29 መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ ሚያዝያ 22 ይላል።

ቴስቱ ላይ የሚጨመረው ታዲያ ሁለት መስመር ነው። አንዱ ለ2005 ወንበር 18፣ አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12 መሆናቸውን ይጠይቃል፤ የፋሲካውን ቀን ብቻ መጠየቅ እንደማይበቃ አይተናል። ሁለተኛው ለ2043 ሚያዝያ 29ን ይጠብቃል። ከዚያ ወንበር 0 የሚሆንበት 2006 አለ፤ በዚያ ዓመት መጥቅዕ 0 ሳይሆን 30 ነው፣ በዓሉም መስከረም 30። 0 ብሎ የተወው ኮድ «ጥቅምት 0» የሚባል ቀን ይፈልጋል፤ ቀኑን የሚያጣራ ፈንክሽን ካለው ይወድቃል፣ ከሌለው ደግሞ በሒሳቡ ያው መስከረም 30 ላይ ደርሶ ልክ ይመልሳል።